ሁለት ጉባኤዎችና የእትዬ ብርቄ ንግግር

በማኅበራችን አንድ ደንብ አለ፤ ጡረታ የሚወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ ጽፎ ለመጽሔታችን ሳያስረክብ የመሰናበቻ ግብዣ አይደረግለትም። ሠላሳ ዓመት ዜና ያነበቡ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ሁሉ ጽፈዋል። እኔ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴን ይዤ እየሮጥኩ ቢሮ ስገባ፣ ጋሽ ከተማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አነበቡና፣ "በቃ፣ ሂሩት ጡረታ ወጣች! ደንብ ደንብ ነው፣ ትጻፍ!" አሉ። ቢሮው በሳቅ ሞላ። እነሱ ቀልደው ነው፤ እኔ ግን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ደብተር ገዛሁ። እስከ ዛሬ የሰው ጽሑፍ ስተይብ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ አላርፍ ብሎኛል! የሁለት ዓመት ሥራ ትንሽ ነው የሚል ካለ አንብቦ እስኪጨርስ ይታገሰኝ።

የመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞች ማኅበር ማለት የጋዜጣ፣ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የማተሚያ ቤት ሰዎች በአንድ ላይ የተሰባሰቡበት ነው። ቢሮው ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቪላ ነው። ሰው ይኖርበት የነበረ ቤት ስለሆነ የመታጠቢያ ገንዳው አሁንም አለ፤ ውስጡ ግን ውኃ ሳይሆን ያለፉት ጉባኤዎች ወረቀት ተከምሮበታል። በዓመት አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ጉባኤ እናዘጋጃለን። ማን ይናገር፣ ስለ ምን ይናገር፣ ከማን ቀጥሎ፣ ስንት ደቂቃ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው የፕሮግራም ክፍሉ ነው። የፕሮግራም ክፍሉ ደግሞ ጋሽ ከተማ ነበሩ። ብቻቸውን።

እኔ የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከታይፕ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን፣ ታይፒስቷ አልማዝ ስለወለደች ለአንድ ወር ተብዬ ነው። ደመወዜ ለአውቶቡስና ለማታ ትምህርት ቤት ደብተር ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። አልማዝ ስትመለስ ጋሽ ከተማ፣ "ይቺ ልጅ የምትተይበውን ታነበዋለች፤ ለእኔ ትሰጠኝ" አሉ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የፕሮግራም ረዳት ሆንኩ!

ጋሽ ከተማ በወጣትነታቸው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበሩ። ዛሬም ሻይ ሲያዙ አገር በሙሉ የሚሰማቸው ይመስላል። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠለ የሩጫ ሰዓት አለ፤ የመጣውን ንግግር ሁሉ በኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰዓቱን ይዘው ያነቡታል። ምላሳቸውን ያደናቀፋቸው ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያኖራሉ። "ወረቀት ላይ ያማረ ሁሉ አፍ ላይ አያምርም፤ እኔን ካደናቀፈኝ እሱን ይጥለዋል" ይላሉ። የእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የተናጋሪውን ስም በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። አንድም ገጽ አይዘሉም። ይህን ልማዳቸውን ያዙልኝ፤ ጉዴ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ልማዳቸው ጫማ ነው። አንድ ተናጋሪ በስልክ "መጥቻለሁ" ቢል፣ "ደርሻለሁ" ቢል፣ ጋሽ ከተማ ጫማው አዳራሹ ወለል ላይ ቆሞ ካላዩ ስሙን ለመድረክ መሪው አይሰጡም። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሲኖር አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ራሳቸው ይሄዳሉ። "አውሮፕላኑ አርፏል እኮ፣ ጋሽ" ስላቸው፣ "አውሮፕላኑን አይደለም የጋበዝኩት" አሉኝ።

አውሮፕላን ካነሳሁ አይቀር! የምንሰበሰብበት አዳራሽ አውሮፕላን የሚያልፍበት መስመር ሥር ነው። አንዱ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ተናጋሪው አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ጋሽ ከተማ የበረራ ሰዓት ዝርዝር ግድግዳቸው ላይ ለጥፈዋል። ድምፀ ጎርናናዎቹን አውሮፕላን በሚበዛበት ሰዓት፣ ድምፀ ቀጫጭኖቹን ጸጥ ባለው ሰዓት ይደለድላሉ። ተጋባዦቹ "በማዕረግ ነው" እያሉ ሲያኮርፉ እኛ ሁለታችን እንተያያለን። ይህን ምስጢር ዛሬ አወጣሁት፤ ጋሽ ይቅር ይበሉኝ።

ተናጋሪ ሲመርጡ ደግሞ ደብዳቤ አይጽፉም፤ ሥራ ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። "ቢሮ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚናገረው። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ስማው" ይላሉ። እትዬ ብርቄንም ያገኘናቸው እንዲህ ነው።

እትዬ ብርቄ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር የሚሠሩት፣ የምናነበው ሁሉ መጀመሪያ በጣታቸው የሚያልፈው ለቃሚዎች ናቸው። እኛ ስንደርስ አንድ ወፍራም ደራሲ ፊታቸው ቆሞ ስለ መዘግየቱ ይቆጣል። እሳቸው እጃቸውን ሳያቆሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ በዚያች ቀጭን ድምፃቸው፣ "ጌታዬ፣ የእርስዎን 'ሀ' ከ'ሃ' ለመለየት መነጽር ገዛሁ። አሁን ደግሞ ጠንቋይ ልቅጠር?" አሉት። ደራሲው ራሱ ሳቀ። ጋሽ ከተማ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። "አገኘናት" አሉ።

በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ከማተሚያ ቤት ለቃሚ፣ ያውም ሴት፣ መድረክ ወጥታ አታውቅም። የሚናገሩት አዘጋጆችና ኃላፊዎች ናቸው። ሊቀመንበራችን ጓድ ሰብስቤ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሲያዩ፣ "ትችላለች?" ብለው ሁለቴ ጠየቁ። ጋሽ ከተማ "ሰምቻታለሁ" ብቻ አሉ። እትዬ ብርቄን ማሳመን ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጨረሻ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ፤ አምስት ገጽ ሆነ። ንግግሩ ለሚመለከተው ክፍል ሄዶ "ታይቷል" የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ከወረቀቱ ፊደል መቀነስ ወይም መጨመር እንደማይቻል አባላት ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

የኛ ንግግሮች ሁሉ የመጀመሪያ ገጻቸው አንድ ነው። ሰላምታው፣ መፈክሩ፣ "የተከበራችሁ ጓድ ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ እንግዶች" የሚለው ከነቅደም ተከተሉ፣ ምስጋናው፣ ሁሉም ተናጋሪ ያንኑ ነው የሚለው። አሥራ አራት ተናጋሪ ካለ አሥራ አራት ጊዜ አንድ ገጽ እተይባለሁ። ስቴንስል፣ ያ የማባዣው ሰም ወረቀት፣ ደግሞ በራሽን ነው የሚሰጠን። አንድ ጠዋት ብልጭ አለልኝ! አንዱን ገጽ አንድ ጊዜ ተይቤ፣ ለርዕሱ ባዶ ቦታ ትቼ፣ ለሁሉም ባባዛውስ? አሥራ ሦስት ስቴንስል ተረፈ። ጓድ ሰብስቤ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። ለእናቴ ሦስት ጊዜ ነገርኳት።

ጉባኤው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ጋሽ ከተማ ማንበቡንና ስም መጻፉን ለእኔ ትተው እንግዳ ሊቀበሉ አውሮፕላን ጣቢያ ሄዱ። የተባዙትን ገጾች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ከአልማዝ ጋር እየዞርን፣ አንድ ሁለት ሦስት እያልን እንሰበስባለን። ቀለም እጃችን ላይ፣ ቀለም አፍንጫችን ላይ፤ እንስቃለን። ገጽ አናት ላይ ስም መጻፉን ተውኩት። ቁጥር አለው አይደል? ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደግሞስ አሥራ አራት ንግግር በየገጹ ስም ስጽፍ መቼ ልጨርስ! ማታ ጋሽ ከተማ ደውለው፣ "አንብበሻቸዋል?" አሉኝ።

"ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፣ ጋሽ!"

ማየቱንስ አይቻቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አውሮፕላን በሌለበት ጸጥ ያለ ሰዓት፣ የእትዬ ብርቄ ስም ተጠራ። ነጭ ነጠላ ለብሰው ነበር። ሲነሱ የነጠላው ጫፍ ወንበሩን ያዘና ወረቀታቸው አጠገባቸው ከተቀመጠው ተናጋሪ ወረቀት ጋር ወለሉ ላይ ተበተነ። ሰበሰቡ፤ ወጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ጥርት አድርገው አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እውነተኛ ጸጥታ፣ የሚያዳምጥ ጸጥታ። እኔ ከመድረኩ ሥር ቆሜያለሁ።

"እኛ ለቃሚዎች ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው የምንውለው" አሉ። "ሃያ ዓመት ከቆምን በኋላ ጉልበታችን..." ብለው ገጹን ገለበጡ፤ "በየሳምንቱ ቅባት ካልጠጣ መንገጫገጭ ይጀምራል። ካረጀም ፈትቶ ማውጣትና በአዲስ መተካት ነው። አሮጌው ለመለዋወጫ ሊያገለግል ይችላል።"

የአቶ ታዬ ገጽ ሦስት ነበር። አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ታዬ ከሰዓት በኋላ ስለ ማተሚያ ማሽን ጥገና የሚናገሩት ባለሙያ ናቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከቴሌቪዥን ጣቢያ የመጡት ሰዎች ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ጓድ ሰብስቤ እንኳ መሐረብ አፋቸው ላይ አደረጉ። እትዬ ብርቄ ግን ማንበባቸውን አላቆሙም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠሩት ይህንን ነው፤ ከፊታቸው የተቀመጠውን ጽሑፍ ፊደል ሳይጨምሩ፣ ፊደል ሳይቀንሱ ማውጣት። ደራሲው ቢሳሳትም መልቀም ነው። "ብሎኑን ወደ ግራ" እስከሚለው ድረስ ደረሱ። ከዚያ ቀና አሉ። የሚስቁትን አዩ። ወረቀቱን አየት አደረጉ። በአራት አጠፉት፣ ከመድረኩ ወረዱ፣ በመሃል ኮሪደር አልፈው በበሩ ወጡ። ሮጬ አልተከተልኳቸውም።

በምሳ ሰዓት ጓድ ሰብስቤ "ምን ነበር እሱ?" ብለው ሲጠይቁ፣ ከአስተናጋጆቹ አንዱ፣ "ወረቀቱ ወድቆባቸው ነበር፤ ሲሰበስቡ ከአቶ ታዬ ወረቀት ጋር ተደባልቆባቸው ነው" አለ። ሁሉም "አዎ፣ አዎ፣ አይተናል" አሉ። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ይህን መስመር ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ጋሽ ከተማ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ታዬ መድረክ ሳይወጡ፣ ቢሮ ገብተው የሁለቱን ንግግሮች ትርፍ ኮፒ አወጡ። ገለጡ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የእትዬ ብርቄ ሁሉም ላይ ገጽ ሦስት የአቶ ታዬ ነው፤ የአቶ ታዬው ላይ ደግሞ የእትዬ ብርቄ። የሁሉም መጀመሪያ ገጽ አንድ ስለሆነ የማን ክምር የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም፤ የሁለቱን ገጽ ሦስት ጠረጴዛው ላይ ቦታ አለዋውጬ አስቀምጬ ነበር። አልተቆጡም። ብዕራቸውን አወጡና በየገጹ አናት ላይ ስም ይጽፉ ጀመር፣ የእትዬ ብርቄ ንግግር ካለፈ በኋላ እንኳ። እኔ አለቀስኩ።

"ለማኅበሩ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ 'ስህተቱ የፕሮግራም ክፍሉ ነው' እላለሁ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ለሴትዮዋስ ማን ይጽፍላታል?"

ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው የለም መሰል፣ "ወረቀት የወደቀባት ሴትዮ" የሚለው ወሬ በየማተሚያ ቤቱ ዞረ። ጓድ ሰብስቤም፣ "ከእንግዲህ መድረክ ላይ የምናወጣቸው የተፈተኑ ተናጋሪዎች ይሁኑ" ብለው መመሪያ ሰጡ። ከለቃሚዎች ማንም እንዳይጠራ ማለታቸው ነበር።

ያንን ዓመት ሥራ ተማርኩ። ተናጋሪ የረዘመ ንግግር ካመጣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ሳይሆኑ የመጀመሪያዎቹ እንደሚቆረጡ፤ የውኃው ብርጭቆ በግራ በኩል እንደሚቀመጥ፣ በቀኝ ከሆነ ገጽ ሲገልጡ እንደሚያፈሱት፤ ሲፈሩ የሚስሉትንና በእውነት የሚያስላቸውን መለየት። ስም መጻፍማ! ስም ያልጻፍኩበት ወረቀት በእጄ አላለፈም፤ የሽንኩርት መጠቅለያ ላይ ሳይቀር። እትዬ ብርቄ ጋ ግን አልሄድኩም። በየሳምንቱ "በሚቀጥለው ሳምንት" እላለሁ።

የሁለተኛው ጉባኤ ዝግጅት ሲጀመር ጋሽ ከተማ ባዶ ዝርዝር ሰጡኝ። "ሁለተኛውን ቀን ረፋድ አንቺ ሙዪው" አሉ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የራሴ ፕሮግራም! ወረቀቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። የሚመጣልኝ ስም አንድ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት በአውቶቡስ መገናኛ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ገርጂ። ክረምት ነው። እርሻው መሃል ያለችው መንገድ ጭቃ ሆናለች፤ አንዱን ጫማዬን ሁለት ጊዜ በእጄ ከጭቃ ነቅዬ አውጥቻለሁ። ያየኋቸው ገበሬዎች "የት ነው የምትሄጂው፣ ልጄ?" እያሉ ይስቃሉ። እትዬ ብርቄ የሚኖሩት ከእህታቸው ጋር ነው። ደጃፉ ላይ ድንች እየላጡ አገኘኋቸው።

"አንቺ ልጅ! በዚህ ጭቃ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ ብርቄ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

ቁጭ በይ አላሉኝም። ቆሜ ተናገርኩ። አንዱን ስቴንስል፣ ያልጻፍኩትን ስም፣ ጠረጴዛውን፣ "አይቻቸዋለሁ" ማለቴን። ወረቀቱ ከመውደቁ ሁለት ቀን በፊት ገጹ ተደባልቆ እንደነበረ። የተባለውን ሰምቼ ዝም ማለቴን።

ቢላዋው ቆመ።

"ከመውደቁ በፊት?"

"አዎ።"

"እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ አይደሉም።"

ድንቹን ውኃው ውስጥ ጣሉት። "ዓመት ሙሉ!" አሉ። "ማተሚያ ቤት ውስጥ ለለቃሚ ገጽ ከመደባለቅ የበለጠ ውርደት እንደሌለ ታውቂያለሽ? እኔ ሃያ ዓመት አንድ ገጽ አልደባለቅኩም። ልጆቹ 'እትዬ፣ ጉልበትዎን ዛሬ ቀብተውታል?' እያሉ ሲያላግጡብኝ፣ ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩ። የራሴን እጅ ጠረጠርኩ! በዚህ በእጄ ነው የምበላው፣ አንቺ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም።"

እውነታቸውን ነው። አላውቅም ነበር። እንደገና እንዲናገሩ ልጋብዛቸው መምጣቴን ነገርኳቸው። "ሂጂ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው" አሉኝ። ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጮኹ፦

"ስንት ደቂቃ ነው?"

ዞርኩ። "አሥራ አምስት!"

"ባለፈው አሥር ነበር!"

"ዘንድሮ አሥራ አምስት ነው!"

ማን እንደፈቀደልኝ አትጠይቁኝ። በጭቃው ውስጥ እየዘለልኩ ነው መገናኛ የደረስኩት።

ሰኞ ግን ጓድ ሰብስቤን ማለፍ ነበረብኝ። ዝርዝሩን አነበቡና ብዕራቸውን ስሙ ላይ አቆሙ። "ያቺ የቅባቷ ሴትዮ?" ስብሰባው ላይ ሰባት ሰው አለ። ጋሽ ከተማ ወደ እኔ አላዩም፤ ሆን ብለው መስኮቱን ያያሉ። ተነሳሁ። ጉልበቴ የምር ቅባት ፈልጎ ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለ ሂስ አለኝ" አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።

"ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?"

"ስላመሰገኑኝ ነው" አልኩ። "ስቴንስሉን ስላተረፍኩ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ ጥፋቱም የዚያው ስቴንስል ነው ማለት አቃተኝ።"

ጓድ ሰብስቤ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። መቼም እንዲህ ዓይነት ግለ ሂስ አልሰሙም መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። "ንግግሩ አስቀድሞ ይታይ" አሉ። "ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ለየብቻው ይተየብ!"

የጉባኤው ቀን የእትዬ ብርቄን ጫማ አዳራሹ ወለል ላይ ሳይ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ክንዳቸው ሥር ግን ወረቀት የለም፤ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል፣ እንደ ምንጣፍ። ጋሽ ከተማ እንኳ ደነገጡ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ብርቄ?"

"ንግግሬ ነዋ! የታየውን፣ ማኅተም የተመታበትን፣ ራሴ ለቅሜ ራሴ አተምኩት። እርማት በምናወጣበት ረጅም ወረቀት ላይ ነው፤ አልተቆረጠም። ገጽ የለውም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ገጽ የሌለውን እስቲ አደባልቂልኝ!"

ፊደሎቹ የጣት ያህል ትልልቅ ናቸው። መድረኩ ላይ ወጥተው የወረቀቱን ጫፍ አትሮኖሱ ላይ ሲያደርጉ የቀረው ተተርትሮ ወደ ወለሉ ወረደ። አዳራሹ ሳቀ። ባለፈው ዓመት የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። እትዬ ብርቄ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ማኅተም የተመታበት ኮፒ ጓድ ሰብስቤ ፊት ተቀምጧል፤ እሳቸውም በጣታቸው እየተከተሉ ናቸው።

"ባለፈው ዓመት ጉልበታችን ላይ ነበር ያቆምኩት" አሉ እትዬ ብርቄ። "ከዚያው እቀጥላለሁ።"

ይህ ኮፒው ላይ የለም! የጓድ ሰብስቤ ጣት ወረቀቱ ላይ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። ቀና አሉ። ከዚያ ጓድ ሰብስቤ ኮፒውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኙትና ማጨብጨብ ጀመሩ። አዳራሹ ተከተላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቆሞ ስለ መዋል ተናገሩ። የእርሳሱ ብናኝ ስለሚያመጣው ሳል ተናገሩ። አዘጋጆች በአንድ ጭረት የሚሰርዙትን ዓረፍተ ነገር ለቃሚዋ ፊደል በፊደል እንደምትፈታው፣ አንድ ለቃሚ ለሌላ ሰው ስህተት ስትነቀፍ ስሟ እንኳ እንደማይጠየቅ። መሃል ላይ በዝርዝሩ ላይ ያልነበረ፣ የዘገየ አውሮፕላን መጣ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ጋሽ ከተማ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እትዬ ብርቄ ጣታቸውን የደረሱበት ፊደል ላይ አሳርፈው፣ አውሮፕላኑ ቦሌን አልፎ እስኪጠፋ ቆሙና፣ ካቆሙበት ቃል ግማሽ ላይ ቀጠሉ። አሥራ ሰባት ደቂቃ ወሰደ። ከአዘጋጆቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ጥያቄ ሊጠይቅ መስሎኝ፣ "የእኔን ጽሑፍ የሚለቅሙት ማን ናቸው? ስማቸውን ልያዝ" አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ብድግ ብላ፣ "እኔ ነኝ!" አለች። አዳራሹ እንደገና ፈረሰ።

እትዬ ብርቄ ሲወርዱ ከደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው። እሳቸው ረጅሙን ወረቀት ጠቅልለው ደረቴ ላይ ገፋ አድርገው ሰጡኝ።

"እንኪ፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ። የእርሳስ ፊደሉ እኔ ጋ አለ፤ ስፈልግ ሌላ አትማለሁ።"

እንግዲህ የሥራ ዘመኔ ይህ ነው፣ ጓዶች። ሰኞ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። ወረቀቱን ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከጣሪያው ሥር ብጀምርም ግድግዳው አልበቃውም፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትጠርግ ጫፉን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ትይዝና፣ አንድ ሁለት መስመር በጣቷ እየተከተለች ሳታነብ መልሳ አታወርደውም።